ጆን ያልሰማው ጸሎት

(እዚህ ሐዋሳ፣ በአንድ የንባብ ክበብ የቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው ድግግሞሹንም ወሬውንም እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ። መብራት ቢሄድም አትስጉ፣ በጉሮሮዬ እቀጥላለሁ። 22 ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ ሲያስተምር የኖረ ሰው ማይክ አያስፈልገውም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆች፣ ቅዳሜያችሁን ለመጽሐፍ ብላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በዚህ ሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ንፋስ መቀበል እየተቻለ እዚህ መቀመጥ ቀላል አይደለም። አውቃለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «እምነት፣ ቤተሰብና ማንነት በልብ ወለድ» ይላል። ሲደውሉልኝ እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደነገጥኩ። ይሄ እኮ የአንድ ከሰዓት ርዕስ አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ነው! ስለዚህ አጠበብኩት። አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። በእሱ ላይ 3 ነገር እናገራለሁ። ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ሰዓቱ ካለቀ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወሬ እወዳለሁ።

መጽሐፉ የጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ የጀምስ ባልድዊን ነው። «ጎ ቴል ኢት ኦን ዘ ማውንቴን» ይባላል። ወደ እኛ ሲመጣ «ሂድና በተራራው ላይ ንገር» እንደማለት ነው። ስሙ የተወሰደው የክርስቶስን ልደት ከሚያበስር የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ታሪኩ የሚሆነው ኒው ዮርክ፣ ሐርለም የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሐርለም ውስጥ በእኛ ስም የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች። እ.ኤ.አ. በ1808 የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንደኛው ነገር። ልጁ ማነው?

ልጁ ጆን ይባላል። ታሪኩ ሲጀምር ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1935። ጆን በዚያ ቀን 14 ዓመት ይሞላዋል። ጠዋት ሲነሳ ልደቱን ያስታወሰ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ቤት ይጠርጋል። ምንጣፉን ይጠርጋል፣ አቧራው ተነስቶ ተመልሶ ይተኛል። ደግሞ ይጠርጋል፣ ደግሞ ይተኛል። እናንተ ልጆች፣ በቅዳሜ ጠዋት ቤት ጠርጋችሁ ታውቁ የለ? እሱ ነው።

ሰው ሁሉ ስለዚህ ልጅ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። ሲያድግ እንደ አባቱ ሰባኪ ይሆናል ይላሉ። መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ልጁ አፉን ሳይከፍት ሰዎች ጨርሰውለታል። ምን ትሆናለህ ብሎ የጠየቀው አለ? የለም።

ይሄ ለእኛ አዲስ ነው? በፍጹም! «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ቢኖር እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። በዛብህ ማነው? የስለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው የሰጡት ልጅ። እሱ ሳይጠየቅ ሚስት እንዳያገባ ተወስኖበታል። ከዚያ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ሲቀጠር ምን እንደተፈጠረ ታውቃላችሁ። እኛ መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ነው እያልን አነበብነው። ነው። ግን አንድ ልጅ የወላጆቹን ስለት ተሸክሞ የት ድረስ ይሄዳል የሚልም ጥያቄ አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ከባልድዊን 12 ወይም 13 ዓመት ዘግይተው። ሐርለምና ጎጃም ተቀጣጥረው አይደለም።

እኔም የስለት ልጅ ነኝ።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች። እኔን ስታረግዝ ለገብርኤል ተሳለች። ከተረፈች በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ፣ እሷም ስታድግ አብራኝ ትመጣለች አለች። ቁልቢ መሄድ አቅም አልነበራትም፣ የሐዋሳው ገብርኤል ይበቃል። ተረፍኩ። ስለዚህ ጃንጥላው ነበር፣ ነጠላው ነበር፣ እኔም ነበርኩ። በየዓመቱ።

12 ዓመት ሲሆነኝ ግን አባቴ ጌታን ተቀበለ። በሰፈሩ አነጋገር ጴንጤ ሆነ። ዛሬ እዚህ ከተማ ውስጥ ይሄ የሚያስገርም ነገር አይደለም፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ከአንድ ቤት ወጥታችሁ እሁድ ጠዋት በሁለት አቅጣጫ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። በዚያን ጊዜ ግን ቤታችን ሁለት ሆነ። ጠብ አልነበረም። ዝምታ ነበር። እናቴ ሁለት ድስት ነበራት፣ የጾምና የፍስክ። ቀድሞም ነበሯት። ከዚያ ወዲህ ግን የጾሙን ድስት እጀታ ቀይ ክር አሰረችበት። ማንም እንዳይሳሳት። ክሩ በጭስ ጠቁሮ እንኳ አትፈታውም ነበር።

አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። አባቴን ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ ሆዱን ያመው ነበር። ሥጋ ሲቀርብለት «ዛሬ ሆዴን ልክ አይደለሁም፣ ከእናንተ ሽሮ አካፍሉኝ» ይላል። ያዙልኝ።

14 ዓመት ሲሞላኝ፣ በዚያው ታኅሣሥ 19፣ እናቴ ነጠላዬን አጥባ ሰጠችኝ። አባቴ በር ላይ ቆሟል። አይናገርም። እሷ ቀድማኝ ስትወጣ እጄን ያዘና የጋሪ ሒሳብ ጨበጥ አደረገልኝ። ያኔ ባጃጅ የለም፣ ሐዋሳ የጋሪ ከተማ ነበረች። ሂጂ አላለኝም። አትሂጂም አላለኝም። ሳንቲሙ ላብ ያለበት፣ ሞቅ ያለ ነበር።

ለምን ይህን እነግራችኋለሁ? መጽሐፉ ውስጥ የጆን እናት በዚያ የልደቱ ጠዋት ልጇን ትጠራውና የምትፈልገውን ግዛበት ብላ ሳንቲም ትሰጠዋለች። ሌላ ስጦታ የለም። እኔ ይህን ገጽ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁትና ወደ ውጭ ወጣሁ።

ጆን በሳንቲሙ ምን አደረገ? ሴንትራል ፓርክ ሄዶ ኮረብታ ላይ ወጣና ከተማውን ቁልቁል አየ። ከዚያ ሲኒማ ገባ። በእነሱ ቤት ሲኒማ ኃጢአት ነው። እኔስ? ገብርኤል በር ላይ በሕዝቡ መሃል ከእናቴ እጅ አመለጥኩ። ጠፍቼ እንዳይመስላችሁ፣ አውቄ ነው። በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። በሳንቲሙ ሸንኮራ ገዛሁ። አሞራ ገደል ሄጄ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየሁ ሸንኮራዬን መጠጥኩ። ምንም አላሰብኩም። ማንነቴን ፈለግሁ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ውሸት ነው። ሸንኮራ ነው የመጠጥኩት። ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ዋናው እሱ ነው።

መጽሐፉ 3 ክፍል አለው። የመጀመሪያው የጆን ቅዳሜ ነው። ማታ ላይ ቤተሰቡ ለጸሎት ይሰበሰባል፣ ሱቅ የነበረ ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ። ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር እኛ አንባቢዎች ምን እንጠብቃለን? የጆንን ታሪክ። ባልድዊን ግን ልጁን እዚያው ይተወዋል። በምትኩ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሲጸልዩ እያንዳንዳቸው ልብ ውስጥ ያስገባናል። የአክስቱ የፍሎረንስ ጸሎት። የአባቱ የገብርኤል ጸሎት። የእናቱ የኤልሳቤጥ ጸሎት።

ስሞቹን ሰማችሁ? ገብርኤል። ኤልሳቤጥ። ልጁ ደግሞ ጆን፣ ማለትም ዮሐንስ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ይሄ የት ነው ያለው? አዎ፣ ሉቃስ ምዕራፍ 1። መልአኩ ገብርኤል ኤልሳቤጥ ልጅ ትወልዳለች፣ ስሙን ዮሐንስ ትለዋለህ ብሎ ለዘካርያስ ያበስራል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ገብርኤል የሚያበስር አይደለም። የሚደብቅ ነው።

ምን ይደብቃል? ገብርኤል የጆን አባት አይደለም። የእንጀራ አባቱ ነው። ኤልሳቤጥን ሲያገባ ልጅሽን እንደ ልጄ አሳድጋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ቃሉን አልጠበቀም። ደግሞም ራሱ ወጣት ሰባኪ ሳለ፣ በመጀመሪያ ሚስቱ ላይ፣ ከሌላ ሴት ልጅ ወልዶ ክዷል። ልጁ ሮያል ይባላል። ፊቱ እያደገ፣ በመንገድ እያየው፣ ልጄ ሳይለው ሞተ። ሚስቱ ዲቦራ ታውቅ ነበር። ጽፋ ለፍሎረንስ ላከችው። ፍሎረንስ ያንን ደብዳቤ ዓመታት ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች።

የኤልሳቤጥስ? የጆን እውነተኛ አባት ሪቻርድ ይባላል። ባልሰራው ዘረፋ ተይዞ ታሰረ፣ ተደበደበ። ተፈታ። ግን ውርደቱን አልቻለውም፣ በገዛ እጁ ሞተ። እና ታውቃላችሁ? ኤልሳቤጥ እርጉዝ ነበረች፣ አልነገረችውም። ጭንቀት እንዳልጨምርበት ብላ ነው። ብነግረው ይኖር ነበር ወይ የሚለውን ይዛ ኖረች።

አሁን ጥያቄዬን ስሙ። ከዚህ ሁሉ ጆን ምን ሰማ? ምንም። ምንም! እዚያው ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ። ሦስቱም ጮክ ብለው ይዘምራሉ። እውነተኛውን ጸሎት ግን የሚሰሙት እግዚአብሔርና አንባቢው ብቻ ናቸው። መጽሐፉ እስኪያልቅ ጆን ገብርኤል አባቱ እንዳልሆነ አያውቅም። አባቴ ለምን ይጠላኛል እያለ ነው የሚጨነቀው። ሰውየው ልጁን ባየ ቁጥር የሚታየው የካደው ሮያል እንደሆነ ማን ይንገረው?

እንግዲህ እኔ ልላችሁ የመጣሁት ይህን ነው። የልጅነት ልብ ወለድ ሲባል ልጁ ራሱን ሲያገኝ የሚያሳይ ይመስለናል። ባልድዊን ግን የልጁ ግማሽ ያለው ሌሎች ሰዎች አፍ ውስጥ ነው፣ ያውም በተዘጋ አፍ ይለናል። ጆን መስታወት ቢያይ አይጠቅመውም። የፍሎረንስን ቦርሳ ቢከፍት ይሻለው ነበር።

ልብ ወለድ የምትሞክሩ ልጆች ደግሞ አሠራሩን ተመልከቱ። ከፊት ያለው ታሪክ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ነው። ከኋላ ያለው ግን በአሥርት የሚቆጠር ዓመት ነው። ወደ ኋላ የሚመልሰን ጸሎት ነው። «ከ20 ዓመት በፊት» ብሎ ርዕስ አይሰጥም። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን የት ይሄዳል? ወደ ኋላ። ያችን ነው የተጠቀመባት።

አሁን ወደ አባቴ ሆድ ሕመም ልመለስ።

15 ወይም 16 ዓመቴ ላይ የአባቴን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩ። መታወቂያ ፎቶዬን ፍለጋ ነው። ከታች፣ ከአሮጌ ኮት ሥር፣ ቆዳ ማኅደር ያለው ዳዊት አገኘሁ። ጠርዙ ከእጅ ብዛት ጠቁሯል። ጭስ ጭስ ይሸታል። ባዶው ቅጠል ላይ በልጅ እጅ ጽሑፍ የአባቴ ስም አለ። ከኋላዬ ጥላ መጣ። አባቴ ነው። ቆሞ አየኝ። እኔ ዳዊቱን መልሼ ኮቱን አለበስኩት። «ፎቶው መሳቢያ ውስጥ ነው» አለኝ። አበቃ። አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላ ሌላ 19 ዓመት ኖሯል። አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ሲሞት፣ ሠልስቱ ላይ፣ አጎቴ ከወሎ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ሲያልቅ ጠራኝና «አባትሽ እኮ የቅኔ ቤት ተማሪ ነበር፣ ታውቂ የለ?» አለኝ። አላውቅም! በ11 ዓመቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ ከቤት ወጥቷል። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኗል፣ ውሻ ነክሶታል። ቅኔ ሊቆጥር ሲል እናቱ ሞቱ። መርዶው የደረሰው ከአርባቸው በኋላ ነው። ቀብር አልደረሰ፣ ተዝካር አልደረሰ። በዚያው ከየኔታ ዘንድ ወጣ። በጭነት መኪና ወደ ደቡብ። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ የእግሩን አውራ ጣት እያየ ነው።

ያቺ ዳዊት ናት ሳጥኑ ውስጥ የነበረችው። ረቡዕና ዓርብስ? እናንተው ገምቱ። እኔ አሁን ሐኪም የሚነግረኝ ምክንያት አልፈልግም። እናቴን «ታውቂ ነበር?» አልኳት። «ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሰው ሆድ ረቡዕና ዓርብ ለይቶ ሲታመም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እሷ ታውቅ ነበር። ሽሮውን በዝምታ ትጨምርለት ነበር። እሱም በዝምታ ይበላ ነበር።

ይቅርታ፣ ውሃ ልጠጣ።

ሦስተኛው። ሰዓቱ ሄዷል፣ በአጭሩ ነው።

የመጨረሻው ክፍል «አውድማው» ይባላል። ይሄ ቃል በአማርኛ እንዴት ያምራል! የከተማ አሜሪካዊ አንባቢ አውድማ ለማየት መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ እኛ ግን ገለባው ሲበን፣ በሬው ሲዞር ይታየናል። «መንሹ በእጁ ነው» ብሎ የተናገረው መጥምቁ ዮሐንስ ነው፣ አሁንም ዮሐንስ። ጆን በዚያ ሌሊት ከመሠዊያው ፊት ይወድቃል። እስኪነጋ መሬት ላይ ነው። ያለቅሳል፣ ይጮኻል፣ ያያል። ሲነጋ ዳንሁ ይላል።

ዳነ ወይስ አልዳነ? አንባቢዎች ይከራከራሉ። አንዳንዱ ከአባቱ ለማምለጥ ያገኘው ብቸኛ በር ይሄ ነበር ይላል፤ ገብርኤል የእግዚአብሔር ሰው ከሆነ እሱም የእግዚአብሔር ልጅ ይሆንና እኩል ይሆናሉ። አንዳንዱ የለም፣ እምነቱ የእውነት ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። 14 ዓመት ላይ ማን ለይቶ ያምናል?

ባልድዊን ራሱ ከ14 ዓመቱ እስከ 17 ዓመቱ ሰባኪ ነበር። ያሳደገው የእንጀራ አባቱም ሰባኪ ነበር፣ ኃይለኛ ሰው። ባልድዊን መድረኩን ተወ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 አገሩንም ትቶ ፓሪስ ገባ። ዓመታት የታገለውን ይህን መጽሐፍ የጨረሰው ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ፣ ጥቁር ሰው አይተው በማያውቁ ሰዎች መንደር ውስጥ ነው። ልጆቹ ጸጉሩን ይነኩ ነበር። በረዶው መሃል የቤሲ ስሚዝን ዘፈን እያዳመጠ የሐርለምን ጸሎት ጻፈ። ስብከቱን ትቶ ሄደ፣ የስብከቱ ዜማ ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቀረ። ዳዊቱን ሳጥን ውስጥ እንደመክተት በሉት።

አንድ ገጽ አለ ብዙ ሰው የሚዘለው። መታሰቢያው። ለማን የሰጠው ይመስላችኋል? ለአባቱና ለእናቱ። ያ አባት መጽሐፉ ሊታተም 10 ዓመት ሲቀረው ሞቷል።

አንዳንዶቻችሁ እስካሁን የምትጠብቁትን አውቃለሁ። «መምህር፣ አንቺስ አሁን የት ነሽ? ከእናትሽ ነሽ ወይስ ከአባትሽ?» የሚለውን። አልነግራችሁም። እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ካያችሁኝ ሰላም በሉኝ።

የመጨረሻ ወሬ ልንገራችሁና እወርዳለሁ። እናቴ ዕድሜዋ 80 ሊደፍን ነው፣ ደህና ናት። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ቡና እያፈላች መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአፌ ተረኩላት። ሰውየው ገብርኤል መባሉን ስትሰማ አማተበች። «በዚህ ምግባሩ?» አለች። ለፍሎረንስ አዘነች። ሪቻርድ ላይ ስደርስ ረከቦቱን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ መሬት ላይ እንደነበር፣ ሲነጋ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት እንደቆመ ነገርኳት። መጣሁ ይላል፣ እዚያ ላይ ያልቃል አልኳት።

«ልደቱ ነበር አላልሽም?»

«ነበር።»

«ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልቀመሰም?»

«አልቀመሰም እማዬ።»

«እና ቤት ሲገባ ምን በላ?»

መጽሐፉን ገለጥኩ። የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አየሁት። የለም። «አልተጻፈም» አልኳት።

«ይህን ሁሉ ጽፎ!» አለችና ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በሉ፣ ማይኩን ለእናንተ ልስጥ። ያ አረንጓዴ ሹራብ የለበስከው፣ እጅህን ካነሳህ ቆየህ፣ ከአንተ እንጀምር።